የማይሰበር ዱላ፡- ገና፣ እንጨትና አሉሚኒየም

ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሦስት ሆነን ፒያሳ ወጣን። ዓላማችን ቀላል ይመስል ነበር፤ የገና ዱላ መግዛት። የገና ዛፍ አላልንም። ዛፉማ ሞልቷል፤ ከነመብራቱ፣ ከነጥጡ፣ ከነኮከቡ በየሱቁ በር ላይ ተገትሯል። እኛ የፈለግነው ዱላውን ነው። እሱ ግን የለም።

መጀመሪያ የገባነው አንድ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ነበር። ልጁ ጥያቄያችንን ሰምቶ ትንሽ አሰበና ከመደርደሪያው ጀርባ የሚያብረቀርቅ ነገር አወጣ። የቤዝቦል ዱላ! ያውም አሉሚኒየም። «ይኼ አይሆናችሁም? ዱላ ነው እኮ» አለን። አዲስ አበባ ውስጥ ቤዝቦል የሚጫወት ሰው እየገዛው እንደሆነ ጠየቅነው። ሳቀብን። «ኧረ ለመኪና ነው የሚወስዱት፤ ከወንበር ሥር ያስቀምጡታል» አለ። ተቀባብለን አነሳነው። ይቀላል። በጣታችን ቆርቆር ስናደርገው እንደ ባዶ ድስት ጮኸ።

ከዚያ ወደ ጊዮርጊስ ወጣን። ቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ነዋየ ቅዱሳት የሚሸጡ አንድ አባት አገኘን። መቋሚያው፣ ጽናጽሉ፣ ጥላው ተደርድሯል። «አባባ፣ የገና ዱላ ይኖር ይሆን?» አልናቸው። ቀና ብለው አዩንና «የገና ዱላ ደግሞ ይሸጣል እንዴ ልጆቼ? ይቆረጣል እንጂ!» አሉን።

ባዶ እጃችንን ተመለስን። የአባባ ንግግር ግን አብሮን መጣ። የሚሸጥ ዱላና የሚቆረጥ ዱላ፤ አንዱ አሉሚኒየም፣ ሌላው እንጨት። ለመሆኑ ዱላ ከምን መሠራቱ በጨዋታው ላይ ለውጥ ያመጣል? ወይስ ዱላ ዱላ ነው? ይህን ስናገላብጥ ከአራዳ ተነስተን ጃፓንና አውስትራሊያ ድረስ ደርሰን ተመለስን። እስኪ አብረን እንሂድ።

ጌታና ሎሌ፣ አንድ ዱላ

የገና ጨዋታን ለማያውቅ አንባቢ (በእኛ ዕድሜ ያለ ከተሜ ብዙው እንደማያውቀው እንጠረጥራለን፤ እኛም ከአያቶቻችን ወሬና ከቴሌቪዥን በቀር ብዙ አናውቀውም ነበር) ባጭሩ እንንገረው። ሁለት ወገን አለ። እያንዳንዱ ተጫዋች ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይይዛል። መሀል ላይ ሩር ትቀመጣለች፤ ጥንግም ይሏታል። ከእንጨት የተጠረበች ወይም ከቆዳ የተሠራች ትንሽ ኳስ ናት። ሥራው ሩሯን እየለጉ ከተጋጣሚው ወሰን ማሳለፍ ነው። በየአገሩ በድሮው ወግ ሲጫወቱት የተጫዋች ቁጥር አይወሰንም። የላይ ሰፈር ከታች ሰፈር፣ ያገባ ካላገባ፣ ሜዳው እስከቻለ ድረስ ይገባል። ሲመሽ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም እየሞለጨ ይገባል።

ትውፊቱ ጨዋታውን ከቤተልሔም እረኞች ጋር ያገናኘዋል። የጌታን መወለድ ሲሰሙ ደስ ብሏቸው በበትራቸው ተጫወቱ ይባላል። ስለዚህም ጨዋታውም በዓሉም፣ ባንዳንድ ቦታ ዱላውም ጭምር፣ ሁሉም «ገና» ነው ስማቸው።

በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ ያልሰማ ያለ አይመስለንም። ዛሬ አባባሉን የምንጠቀምበት ሰው ላይ ቀልደን ስናበቃ ለማምለጫ ነው። መነሻው ግን እንዲሁ የወግ ማሳመሪያ አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ ጌታውን ቀና ብሎ የማያይ ሎሌ፣ በዚያች አንድ ቀን ዱላ ይዞ ከጌታው ፊት ይቆማል። ቅልጥሙን ቢመታው ጌታው ያነክሳል እንጂ አይቆጣም። በግጥም ቢሰድበውም እንዲሁ። በማዕረግ በተከፋፈለ አገር ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ዱላውን እንመልከተው። የሚቆረጠው ከወይራ ወይም ከክትክታ፣ ወይም በአካባቢው ካለ ሌላ ጠንካራ እንጨት ነው። ጥሩ ዱላ ፈላጊ በመጀመሪያ የሚያየው ቁልምሙን ነው። ዛፉ ራሱ አጥፎ ያበቀለው ቅርንጫፍ ከተገኘ መልካም፤ የእንጨቱ ጅማት ከእጥፋቱ ጋር አብሮ ስለሚዞር በቀላሉ አይሰበርም። ካልተገኘም እርጥቡን እንጨት በእሳት ለብልቦ ማጉበጥ ይቻላል። ከዚያ ማድረቅ ነው። እንግዲህ የጌታውም ዱላ የሎሌውም ዱላ ከዚያው ከአንዱ ጋራ የሚቆረጥ ነው። ጌታው በገንዘቡ የተሻለ ዱላ ሊያስመጣ አይችልም፤ የተሻለ ዱላ የሚባለው ያው የተሻለች ቅርንጫፍ ናትና። እንዲያውም ከብት ሲጠብቅ ጫካ የሚውለው ሎሌ ከጌታው ይልቅ ጥሩ ቁልምም የት እንዳለ ያውቃል።

ሌላም ነገር አለ። የእንጨት ዱላ ይሰበራል። ከልክ በላይ የሚመታ ሰው ዱላው እጁ ላይ ይቀራል። ጨዋታው የተጻፈ ደንብ ሳይኖረው ለዘመናት የኖረበትን ምክንያት ስናስብ፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለናል። ልኩን የሚያስከብረው ዳኛ ብቻ አይደለም፤ ዱላው ራሱ ነው።

አራዳ፣ እንጨት ያለቀባት ከተማ

ታዲያ ይህ ዱላ ከፒያሳ እንዴት ጠፋ? መልሱ ከከተማዋ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ዙሪያዋ ጽድና ወይራ የነበረበት አገር ነው። ቤተ መንግሥቱ፣ መኳንንቱ፣ ሠራዊቱ፣ ነጋዴው ሁሉ ለቤቱም ለማገዶውም የሚቆርጠው ይህንኑ ነበር። ገበያው በጊዮርጊስ ዙሪያ፣ አራዳ ላይ ቆመ። ከተማዋ ባደገች ቁጥር ጫካው ሸሸ፤ እንጨት ከሩቅ መምጣት ጀመረ። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራው ተጀምሮ ነበር። አስቡት እንግዲህ፤ ዛሬ አራዳ ነን ብለን የምንኮራበት ሰፈር በእንጨት እጥረት ምክንያት ባዶ ሊቀር ለጥቂት ነው የተረፈው።

ከተማዋን ያተረፋት በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ተቆርጦም እንደገና ያቆጠቁጣል። ለቤት ማገሩ፣ ለአጥሩ፣ ለማገዶው እሱ ሆነ። ግን ባሕር ዛፍ ለገና ዱላ ብዙም አይመችም። ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ሲደርቅም መሰንጠቅ ይወዳል። ከተማዋ እንጨት አገኘች፤ የቆለመመ ወይራ ግን አላገኘችም።

ቀጥሎ ጣሊያን መጣ። በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ሄደ። አራዳ መሀሏ ፒያሳ ተባለች። ከገበያው ጋር አብሮ የገጠሩ ሰው፣ ከገጠሩ ሰው ጋርም አብሮ ዱላው ራቀ። በዚያው በ1928 ዓ.ም. ደግሞ የአራዳ ልጆች አንድ ሌላ ነገር ጀምረው ነበር። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ስም የእግር ኳስ ክለብ መሠረቱ። ቅዱስ ጊዮርጊስ!

እግር ኳስ ዱላ አይፈልግም። ጨርቅ ጠቅልሎ ማሰር ይበቃል። ወይራ በጠፋበት ከተማ ውስጥ የዱላ ጨዋታ በእግር ኳስ መሸነፉ ለእኛ አይገርመንም። (የደጋፊነት ጉዳይ አይደለም፤ ከሦስታችን አንዷ ቡና ናት።)

አሉሚኒየምስ? አሉሚኒየም ወደ ቤታችን የገባው በጓዳ በር ነው። አያቶቻችን ሸክላ ድስት ላይ የጀመሩትን እናቶቻችን በአሉሚኒየም ድስት ጨረሱት። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ሸክላ ይሰበራል፣ አሉሚኒየም አይሰበርም። ቢጎብጥ ይቃናል፤ ቢበሳ ለቆራሌው ይሸጣል፤ ከቆራሌው ምን አለሽ ተራ ይደርስና ቀልጦ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይመለሳል። ቀጥሎ መስኮታችንና በራችን ሆነ። የፒያሳ የድሮ ቤቶች የእንጨት በረንዳና የእንጨት መስኮት በአሉሚኒየምና በመስታወት ሲተኩ እያየን አድገናል። እንግዲህ ያ ሻጭ የአሉሚኒየም ዱላ ሲያወጣልን ብዙም ሊገርመን ባልተገባ ነበር። ተራው የዱላ ነው።

የቤዝቦል ዱላ ታሪክ

ቤዝቦል አሜሪካኖች እንደ እኛ ገና በእንጨት የጀመሩት ጨዋታ ነው። መጀመሪያ ሂከሪ የሚባል ከባድ እንጨት፣ ቀጥሎ አሽ የሚባል ቀለል ያለ እንጨት ይጠቀሙ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሜፕል የሚባለው ይበዛል። ባሪ ቦንድስ እ.ኤ.አ. በ2001 በአንድ የውድድር ዘመን 73 ጊዜ ኳሷን ከሜዳ ውጭ ያሳለፈው በሜፕል ዱላ ስለነበር ሁሉም ወደ ሜፕል ዞረ።

አሉሚኒየም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። የመጣውም ለሀብታም አልነበረም። የእንጨት ዱላ በየጊዜው እየተሰበረ ትምህርት ቤቶችን ያስወጣ ነበር። «አንድ ጊዜ ግዙ፣ ለብዙ ዓመት ተጠቀሙ» ተባለና የሕፃናቱ ማኅበራት ተቀበሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ የአሜሪካ ኮሌጆች ፈቀዱት። በዚያው ዓመት የጃፓን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ፈቀዱ። ታሪኩ የእናቶቻችን ድስት ታሪክ ነው፤ የማይሰበረው የሚሰበረውን ተካ።

ነገር ግን ዱላው ሳይሰበር መቆየት ብቻ አልነበረም ሥራው። እዚህ ላይ ቡና የሚወቅጡ እናቶች ይረዱናል። ቡና የሚወቀጠው በእንጨት ሙቀጫና በብረት ዘነዘና ነው። ብረቱ ይመታል፤ እንጨቱ ምቱን ይውጣል። ሁለቱም ብረት ቢሆኑ ቤቱ በጩኸት ይሞላል፣ ቡናውም ይፈናጠራል። የእንጨት ዱላ ኳስ ሲመታም እንዲሁ ነው። እንጨቱ ድፍን ስለሆነ አይሰምጥም፤ የምትሰምጠው ኳሷ ናት። ኳሷ ተጨፍልቃ ስትመለስ ከኃይሏ ብዙውን እዚያው ትጨርሳለች። የአሉሚኒየሙ ዱላ ግን ውስጡ ባዶ ነው። ኳሷ ስታርፍበት ግድግዳው ጎድጎድ ይልና ወዲያው ይመለሳል፤ ሲመለስም ኳሷን ይገፋታል። ኳሷ ያን ያህል ስለማትጨፈለቅ ኃይሏን ይዛ ትወጣለች። በዚያ ላይ ጫፉ ቀላል ስለሆነ ልጁ ፈጠን አድርጎ ያወዛውዘዋል። ኳሷን በትክክለኛው ቦታ ላይ ሳያገኛት እንኳ ዱላው ይክሰዋል። በእንጨት ቢሆን ኖሮ እጁን የሚያስነዝረው ምት በአሉሚኒየም ነጥብ ይሆንለታል።

መጥፎ ነው? ለመቺው አይደለም። ለወርዋሪው ግን አዎ። ወርዋሪው ከመቺው የሚርቀው 18.44 ሜትር ብቻ ነው፤ ወርውሮ ሲጨርስ ደግሞ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ርቀቱ ከዚያም ያንሳል። ኳሷ በፍጥነት ወደ ፊቱ ስትመለስ እጁን እንኳ ለማንሳት ጊዜ የለውም። በዚህ የተነሳ ክርክሩ ከሜዳ ወጥቶ ምክር ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. በ2007 የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግጥሚያዎች የብረት ዱላ እንዳይያዝ ከለከለ። ከንቲባው ውሳኔውን ቢሽሩትም ምክር ቤቱ እንደገና ድምፅ ሰጥቶ አጸናው። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ ኮሌጆች የብረት ዱላ ከእንጨት ብዙም ርቆ እንዳይመታ የሚገድብ መለኪያ አወጡ። ጃፓኖችም እ.ኤ.አ. በ2024 የትምህርት ቤቶቹን ዱላ ውፍረት ከ67 ሚሊ ሜትር ወደ 64 ሚሊ ሜትር አወረዱ፤ ግድግዳውንም አወፈሩት።

ልብ በሉ። አሉሚኒየሙ እንደ እንጨት እንዲሆን ብዙ ገንዘብ ወጣበት! ሲጀመር ለድሃ ትምህርት ቤት ማዳኛ ተብሎ የመጣው ዱላ ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የሚጠየቅበት ሆኗል። የትልልቆቹ ሊግ ግን ከመጀመሪያው ንቅንቅ አላለም። ደንቡ ዛሬም ዱላው ከአንድ ወጥ እንጨት እንዲሠራ ያዛል። ምክንያቱም እዚያ ያሉት ጉልበታሞች አሉሚኒየም ቢይዙ ሜዳው ራሱ ይጠባቸዋል፤ የመቶ ዓመት የውጤት መዝገብም ትርጉም ያጣል።

ሊሊ ዱላውን ወረወረ

ከቤዝቦል ይልቅ የሚያስቀው ግን የክሪኬት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1979 አውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ ከእንግሊዝ ጋር ትጫወት ነበር። ዴኒስ ሊሊ የተባለው አውስትራሊያዊ የአሉሚኒየም ዱላ ይዞ ገባ። የሚከለክል ደንብ አልነበረም። ማንም እንጨት መሆን አለበት ብሎ ለመጻፍ አላሰበም ነበር፤ ከእንጨት ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ኳሷን ሲመታ ሜዳው በድስት ድምፅ ተሞላ። የእንግሊዙ አምበል ማይክ ብሬርሊ ኳሷን ያበላሽብናል ብሎ አቤት አለ። ዳኞቹ ቀይር አሉት። ሊሊ አልቀይርም አለ። ጨዋታው ቆመ። በመጨረሻ የገዛ አምበሉ ግሬግ ቻፕል የእንጨት ዱላ ይዞ ገባ። ሊሊ ተናዶ አሉሚኒየሙን ሜዳ ላይ አሽቀንጥሮ ወረወረው። እ.ኤ.አ. በ1980 የክሪኬት ሕግ ተሻሻለና የዱላው መምቻ ከእንጨት መሆን እንዳለበት ተጻፈ።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ያልተጻፈ ወግ የሚጠበቀው ሁሉም እስካወቀውና እስካከበረው ድረስ ብቻ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው ድስት ይዞ ሲገባ «የት ላይ ተጽፏል?» ይላል። ያን ጊዜ መጻፍ ግድ ይሆናል።

የገና ጨዋታ የቅርብ ዘመድ የሆነው ሆኪ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ። የዓለም አቀፉ ሆኪ ደንብ ዱላው ከማንኛውም ነገር ሊሠራ ይችላል ይላል፤ ከብረታ ብረት በስተቀር። ክብደቱም ከ737 ግራም እንዳይበልጥ ይወስናል። ዛሬ ትልልቆቹ ተጫዋቾች የሚይዙት ከእንጨት ይልቅ ከካርቦን የተሠራ ነው። በሩ ለአዲስ ነገር ክፍት ሆኖ ለብረት ብቻ ተዘጋ። ሆኪ ላይ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሆነው፣ ዳኛ እያለ፣ ቅልጥማቸውን በመከላከያ አስረው ነው ይህ የተወሰነው። የእኛ ገና ተጫዋች ቅልጥም ላይ ያለው መከላከያ ሱሪው ብቻ ነው።

እንጨትም ጻድቅ አይደለም

እስካሁን ያነበበን ሰው ለእንጨት ጠበቃ የቆምን ሊመስለው ይችላል። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን እንጨትም የራሱ ጣጣ አለው።

የሜፕል ዱላ ሲሰበር እንደ አሽ ተሰንጥቆ አይቀርም፤ ሹል ስባሪው ተፈናጥሮ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ትልልቅ ሊጎች ይህን ማጥናት ግድ ሆነባቸው። በሜፕል ዱላ እጀታ ላይ የቀለም ጠብታ እያሳረፉ የእንጨቱ ጅማት ቀጥ ያለ መሆኑን መፈተሽ ጀመሩ። የእኛ አገር ዱላ ቆራጭ በዓይኑ የሚያየውን ነገር እነሱ በቀለም አዩት ማለት ነው።

ከዚያ የባሰው የዛፉ ዕጣ ነው። አሽን የሚበላ አረንጓዴ ጢንዚዛ ከእስያ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የአሽ ዛፎች ደረቁ። የመቶ ዓመት ታሪክ የነበረው የአሽ ዱላ ከትልልቆቹ ሜዳዎች ከሞላ ጎደል ጠፋ። ዛፉ ሲሞት ዱላው አብሮ ሞተ።

ይህን ስናነብ ያሰብነው አራዳን ነው። የእኛን ወይራ የበላው ጢንዚዛ አይደለም፤ መጥረቢያችን ነው። ያኔ ዛፉን የቆረጡት ሰዎች ቤት ሠሩ፣ እንጀራ ጋገሩ፤ አንፈርድባቸውም። ግን «እንጨት ይሻላል» ብሎ መናገርና ወይራ አለመትከል አብረው አይሄዱም። ወይራ እንደ ባሕር ዛፍ አይቸኩልም። ዛሬ የተተከለ ችግኝ ዱላ የሚሆነው ለእኛ ሳይሆን ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ነው። አሉሚኒየም በዚህ ይበልጠዋል፤ ቆራሌው ከወሰደው በኋላም ቀልጦ ይመለሳል። እንጨት ከተሰበረ በኋላ ያለው ዕጣ ምድጃ ነው። (ለዚያም ቢሆን የገና ዶሮ ወጥ ይበስልበታል።)

ዱላውስ ተገኘ እንበል፤ ሜዳውስ?

ከፒያሳ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወጣ ሲሉ ጃንሜዳ አለ። ጥምቀት የሚከበርበት፣ አገር አቋራጭ ሩጫ የሚሮጥበት፣ ጉግስና ገና ሲነሱ ስሙ አብሮ የሚነሳ ሜዳ ነው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ የፒያሳው አትክልት ተራ ለጊዜው ወደዚያ ተዛወረ። ሩር ትለጋበት የነበረው ሣር ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ተከመረ። የ2013 ጥምቀት ከመድረሱ በፊት ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደና ሜዳው ጸዳ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲነካ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪውም ወደ ከተማው ዳር ተዛወረ። የላይ ሰፈር ከታች ሰፈር የሚባለው ግጥሚያ መጀመሪያ ሰፈር ይፈልጋል። ሰፈሩ ሲበተን ቡድኑም ይበተናል።

ገና ጨርሶ አልሞተም። የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን አለ፤ ገናን ከትግል፣ ከገበጣና ከጉግስ ጋር በደንብ አስገብቶ ያወዳድራል። ደንብ መጻፉ ጥሩ ነው፤ ከክሪኬት እንዳየነው ያልተጻፈ ወግ አንድ ቀን ይፈተናል። ነገር ግን ጨዋታ ወደ ውድድር ሲያድግ ዋንጫ ይመጣል፣ ከዋንጫ ጋር ማሸነፍ ይመጣል፣ ከማሸነፍ ጋር ደግሞ «የተሻለ ዱላ» የሚሸጥ ነጋዴ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚያብረቀርቅ፣ የማይሰበር፣ ቀለል ያለ፣ ጫፉ በፋብሪካ የተቆለመመ ዱላ ይቀርብልናል። «ለባህላችን ዕድገት» ተብሎም ይመረቃል። እኛ የምንለው ከዚያ በፊት አንድ መስመር ይጻፍ ነው፤ የገና ዱላ እንጨት ነው።

ይህን የምንለው ያለፈው ሁሉ ስለሚያምረን አይደለም። የገና ጨዋታ ትልቁ ሀብቱ ጌታ አለመቆጣቱ ነው። ጌታ የማይቆጣው ደግሞ ሎሌው የያዘው ዱላ ከእሱ ዱላ ስለማይበልጥና ስለማያንስ ጭምር ነው። የሚገዛ ዱላ ሲመጣ የሚገዛና የማይገዛ ይለያል። ያኔ ጨዋታው የቀረውን ዓመት መምሰል ይጀምራል። ዓመቱን ሙሉ የምናየውን ነገር ለማየት ደግሞ ገናን መጠበቅ አያስፈልግም።

የእኛን ነገር ነግረናችሁ እንሰናበት። በገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ከሰፈር ልጆች ጋር ተሰብስበን፣ ከአጥር ሥር ያገኘነውን ትንሽ ጎበጥ ያለ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘን ወጣን። ሩር ስለሌለን ካልሲ በጨርቅ ጠቀጠቅን። በሁለተኛው ምት ዱላው ለሁለት ተሰነጠቀ። ልጆቹ እየሳቁ «ሌላ እናምጣ!» ብለው ሮጡ። ከመካከላቸው ትንሹ የሚቆረጥ ዛፍ የት እንዳለ ጠየቀን። ዙሪያችንን አየን። አስፋልት፣ የቆመ መኪና፣ የአሉሚኒየም መስኮት።

የዘንድሮ ክረምት ችግኝ ስንተክል አንዷን ወይራ አድርገናታል።

ቸር እንሰንብት።